አሥራ ሁለት፣ ስምንት፣ አራት

ጋሽ መኩሪያ ማረፋቸውን የሰማሁት ኦሎምፒያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። እህታቸው ደውላ «ሰብልዬ፣ ጋሼ እኮ…» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ቀሪውን አልጠየቅኳትም። ከሦስት ሳምንት በፊት አይቻቸው ስለነበር ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አውቄዋለሁ። ከሰልፉ ወጣሁና አጠገቡ ያለው ካፌ በረንዳ ላይ ቁጭ አልኩ። አስተናጋጁ «ምን ልታዘዝ?» ሲለኝ «ሰው ሞቶብኝ ነው፣ ትንሽ ልቀመጥ» አልኩት። ሳልጠይቀው ውኃ አመጣልኝ፣ እግዜር ይስጠው።

አለቀስኩ። ግን እውነቱን ልናገርና ከዕንባዬ በፊት የመጣው ንዴቴ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ አንዲት ቡናማ የወረቀት ፖስታ አለች፤ ድሮ ክኒን እየቆጠርን የምንከትባት፣ መዳፍ የማትሞላ ፖስታ። «ስሞት ለሙሉ ስጪልኝ» ብለው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ ፊት ለፊት እያገኟት ያልሰጧትን ነገር እኔ እንድሰጥላቸው! ኧረ በማርያም፣ ይሄ አደራ ነው ቅጣት?

እትዬ ሙሉ ካዛንቺስ ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ትሸጥ የነበረች ሴት ናት። ሰፈሩ ፈርሶ ሰው ወደየአቅጣጫው ሲበተን እሷ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገባች። ጋሽ መኩሪያን እንደሷ የሚመርቅ ሰው በዚህች ከተማ አልነበረም። ፖስታዋን ከሰጠኋት በኋላ ያ ሁሉ ምርቃት ምን ሊሆን ነው? አልሰጥም ብልስ? የሙት ቃል ነው። በዚያ ላይ እትዬ ሙሉ በሌላ ሰው ጥፋት ራሷን እየረገመች ልትኖር ነው።

ለማንኛውም ሰውየውን ልንገራችሁ።

ጋሽ መኩሪያ ካዛንቺስ ውስጥ ትንሽ የመድኃኒት መደብር የነበራቸው ድራጊስት ናቸው። አጭር፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋዋናቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሰው። አንድ ልማድ ነበራቸው፤ በየደቂቃው የደረት ኪሳቸውን በመዳፋቸው ነካ ያደርጋሉ። መነጽራቸውን የሚፈልጉ ይመስለኝ ነበር። መነጽሩ ግን ዓይናቸው ላይ ነው። «ጋሽዬ፣ ልብዎን ያምዎታል እንዴ?» ስላቸው «ልብ ያለው ሰው ነው ልቡን የሚያመው» ይሉኛል። ቀልድ መስሎኝ እስቅ ነበር።

እኔ ከኮሌጅ ወጥቼ እሳቸው ጋ ስቀጠር አፌ ስለት ነበር። አሁንም ያው ነኝ። የመጀመሪያ ቀኔ አንዲት ሴትዮ የሐኪም ወረቀት ይዛ መጣች። ክኒኑን ቆጠርኩ፣ ፖስታው ላይ ጻፍኩ፣ «እንደተጻፈው ውሰጂ» ብዬ ሰጠኋት። በቃ፣ ሁሉም ቤት የሚባለው ይኸው ነው። ሴትዮዋ ደጃፉን ሳታልፍ ጋሽ መኩሪያ ከጓዳ ወጡና «እመቤቴ፣ አንዴ ይመለሱልኝ» አሏት። ፖስታውን ከእጇ ተቀብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አልሻቸው?»

«እንደተጻፈው ውሰጂ አልኳት።»

«ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኛ!»

«ማን ያነበዋል?»

«ማን ሊያነበው ነው? እሷ ናታ!»

«ጠይቀሻቸዋል?»

አልጠየቅኳትም። ሴትዮዋ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈን አድርጋ «እኔስ ፊደልም አልቆጠርኩ፣ ጎረቤት አስነብባለሁ ብዬ ነው» አለች። አንገቴን ደፋሁ። ጋሽ መኩሪያ የኔን ጽሑፍ ሰርዘው በእስክሪብቶ ሦስት ነገር ሣሉ፤ ከተራራ ብቅ ያለች ፀሐይ፣ አናት ላይ የወጣች ፀሐይ፣ ጨረቃ። ከዚያ እያንዳንዱን በጣታቸው እየነኩ «ንጋት አሥራ ሁለት፣ ቀን ስምንት፣ ማታ አራት። ሦስቴ። ለአሥር ቀን። ቢሻልዎትም እስከ አሥረኛው ቀን። በሉ አሁን እርስዎ ይንገሩኝ» አሏት። ሴትዮዋ አንዴ ተሳስታ፣ ሁለተኛውን አስተካክላ ነገረቻቸው። አስደገሟት። ኋላዋ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ያጉረመርማል፤ እሳቸው እቴ፣ ጆሮም አልሰጡት።

ሰፈሩ በዚህ የተነሳ ስም አውጥቶላቸው ነበር። «አሥራ ሁለት ስምንት አራት ጋ ሂድና መድኃኒት አምጣ» ይባላል። ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው «አሥራ ሁለት!» ብለው ይጮሃሉ፤ ሌላው «ስምንት!» ይላል፤ ሦስተኛው «አራት!» ብሎ ይሮጣል። አይቆጡም። እንዲያውም አንዱ ቢሳሳት ቆመው ያርሙታል።

እኔን ግን አንድ ነገር በጥብቅ ከለከሉኝ። ሌሎቻችን ፖስታ ላይ «1 ፍሬ በየ8 ሰዓት» ብለን ነው የምንጽፈው፤ የመጨረሻዋን «ቱ» ማንም አይጨምራትም። እሳቸው ይህንን አስፈሪ ነገር አድርገው ነው የሚያዩት። «በየስምንት ሰዓት ስንል እኛ የስምንት ሰዓት ልዩነት ማለታችን ነው። ሰውየው ግን ቤቱ ገብቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያይና ስምንት እስኪሞላ ይጠብቃል። በቀን አንዴ ውጦ ይተኛል» ይሉኛል።

«እኔ ልሙት ጋሽዬ፣ እንደዚህ የሚሳሳት ሰው የለም። በየ ይላል እኮ!»

«አለ» አሉኝ። ኪሳቸውን ነካ አደረጉ።

እንግዲህ ከእሳቸው ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁ። ሲያናድዱኝ፣ ስጮህባቸው፣ ሲስቁብኝ። አንድ ቀን ከረባት ያሰረ ጎልማሳ መኪናውን ሞተሩን ሳያጠፋ ደጅ አቁሞ ገባ።

«ፋዘር፣ አሞክሳሲሊን ስጠኝማ። ጉንፋን ጨርሶኛል።»

«ወረቀት ይዘሃል?»

«ለሱ ደግሞ ወረቀት! ሁሌ የምወስደው ነው፣ ሁለት ቀን ስውጠው ይለቀኛል።»

«ጉንፋን ሳትውጥም ይለቅሃል። ጉንፋንህ ቫይረስ ነው፣ አሞክሳሲሊን አያውቀውም። ይሄ መድኃኒት ባክቴሪያ ነው የሚገድለው። ሁለት ቀን እየወሰድክ ስታቋርጥ ባክቴሪያው ይለምደዋል። እውነተኛ የሳንባ ምች የያዘህ ቀን ብትውጠው አይሰማህም።»

«አትሸጥም ማለት ነው? ሌላ ቦታ እገዛለኋ!»

«ትገዛ ይሆናል። ቤቱ ብዙ ነው። ከኔ አልገዛህም።»

ሰውየው በሩን ደርግሞት ወጣ። እኔ ደሜ ፈልቶ «እንደዚህ ስንመልስ ማን ይመጣልናል?» አልኳቸው። «የታመመ ይመጣል» አሉ፤ ሳጥን መደርደራቸውን ቀጠሉ።

«የተረፈ» የምትለውን ቃል ደግሞ እንደ ስድብ ነው የሚያዩዋት። በኛ አገር ምን የማይቆጠብ አለ? ጨርቁ፣ ክሩ፣ ባዶ ጠርሙሱ ሳይቀር ይቀመጣል። ክኒንም እንደዚያው ነው። ሻል ሲለን እናቆምና የቀረውን ቁምሳጥን ውስጥ እናኖረዋለን፤ ጎረቤት ሲታመም «እኔ ጋ የተረፈ አለ» ብለን እንሰጣለን። ደግነት ነው እኮ የሚመስለን! ጋሽ መኩሪያ ይህን ሲሰሙ «መድኃኒት አይተርፍም፤ የሚተርፈው ወጥ ነው» ይላሉ። ባንኮኒው ሥር ካርቶን አስቀምጠው ሰው ቤቱ ያኖረውን ክኒን ሁሉ ያስመልሱ ነበር፤ በኋላ ለሚያስወግዱት ሰዎች ያስረክባሉ። አንዱን ሲቀበሉ «ለምን ቀረ? ስንተኛው ቀን ላይ አቆምከው? ማን አቁም አለህ?» እያሉ እንደ መርማሪ ነው።

ሁዳዴ ላይ ሴቶቹ የስምንት ሰዓቷን ክኒን ይዘሏት ነበር፤ ጾሙ ዘጠኝ ነው የሚፈታው። እሳቸው አይቆጧቸውም። «ንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ ታምሜ ነው ካልሻቸው አይከለክሉሽም። ካልሆነልሽ ግን እኔ ጋ ነይ፣ ሐኪሙ ሰዓቱ የሚመችሽን እንዲቀይርልሽ እንጠይቀዋለን። ብቻ ሳትነግሪኝ አትዝለይ» ይሏቸዋል። በረመዳንም ለሙስሊሞቹ እንደዚሁ። ማንንም ደግሞ «ፔኒሲሊን አስቆጥቶህ ያውቃል?» ሳይሉ አይሰጡም። «ሰውነትህ ሽፍ ካለ፣ ፊትህ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረህ ያኔ አቁምና ወደ ሐኪም ሩጥ። ሌላ ጊዜ ግን በራስህ አታቁም።» ይህን ንግግር በእንቅልፌም እደግመዋለሁ።

አሁን ወደ ራሔል ልምጣ።

ራሔል የእትዬ ሙሉ ልጅ ናት። እኔ ስቀጠር አሥር ዓመቷ ነበር፤ ዓይኗ ትልልቅ፣ ከንፈሯ ፈዘዝ ያለ ልጅ። በየአራት ሳምንቱ ጋሽ መኩሪያ «ሰብለ፣ ቤቱን ያዢ» ይሉኝና ጋዋናቸውን አውልቀው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ይዘዋት ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ። ዘመዳቸው ትመስለኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። ልጅቱን ቶንሲል አሟት ነበር፤ የጉሮሮ ቁስሉ በደንብ ሳይታከም ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ አበጠ፣ ከዚያ ልቧን ነካው። የልቧ ክዳን፣ ቫልቩ፣ ተበላሽቷል። እንዳይብስባት በየአራት ሳምንቱ መርፌ ትወጋለች። መርፌው ደግሞ ያማል፣ ክፉኛ ነው የሚያመው። ጋሽ መኩሪያ አውራ ጣታቸውን ትጨብጥ ዘንድ ይሰጧታል። ሲመለሱ ጣታቸው ቀልቶ አየዋለሁ።

አንድ ወር አላጓደሉም። ዝናብ ሲሆን፣ ታክሲ ሲጠፋ፣ ሲታመሙ። ልጅቱ አድጋ ዩኒፎርሟ ሲቀየር፣ ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ፣ ስትጨርስ፣ ከእሷ ጋር ናቸው። አንድ ነገር ግን ይገርመኝ ነበር። ሰውን ሁሉ «በል አሁን አንተ ንገረኝ» እያሉ የሚያደርቁ ሰውዬ ራሔል ፊት አፋቸው ይያዛል። ምንም ሲጠይቋት ሰምቼ አላውቅም።

እናቷ ግን ታወራለች። እትዬ ሙሉ መደብሩ ውስጥ ልጅ ያዘለች ሴት ካየች አታልፍም። «ስሚኝ እህቴ፣ የሚሉሽን ስሚ! እኔን አይደርስብሽ። ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ። በአራተኛው ቀን ተሻላት ብዬ አቋረጥኩት። ለታናሽ ወንድሟ ይሆናል ብዬ የቀረውን አስቀመጥኩት። በገዛ እጄ!» ትላለች። ደረቷን ትመታለች። ከዚያ ወደ ባንኮኒው ዞራ «እሳቸው ናቸው ያቆዩልኝ። ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ካሉበት ክፉ አይንካዎ» ትላለች።

ጋሽ መኩሪያ ያን ጊዜ ወደ ጓዳ ገብተው እጃቸውን ይታጠባሉ። ውኃው ሲወርድ እሰማለሁ፤ ረጅም ሰዓት ይታጠባሉ። አንዴ አላስችለኝ ብሎ «ጋሽዬ፣ ምናለ ጥፋትሽ አይደለም ቢሏት? ያልተማረች ሴት ናት፣ አንጀቴን በላችው» አልኳቸው። «ካርቶኑን አንሺልኝ» አሉኝ። ጨካኝ ናቸው ብዬ ለሁለት ቀን አኮረፍኳቸው።

ከዚያ ካዛንቺስ ፈረሰ። መደብሩም፣ ጉሊቱም፣ ደጃፉ ላይ የነበረችው ዛፍም የለችም። አሁን በዚያ ሳልፍ ቦታውን እንኳ በትክክል ማመልከት አልችልም። እኔ ሜክሲኮ አካባቢ ሌላ ፋርማሲ ተቀጠርኩ። እሳቸው ቂርቆስ እህታቸው ቤት ገቡ፤ ብዙም ሳይቆዩ በጉበት ታመሙ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። አልጋ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ካለወትሯቸው ጢማቸው አድጓል። እህታቸው መድኃኒታቸውን ስትሰጣቸው መልሰው ሲደግሙላት ሳቄ መጣ። እሷ ስትወጣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን አሮጌ ጋዋን በአገጫቸው አሳዩኝ።

«የደረት ኪሱን እዪው።»

ፖስታዋን አወጣሁ። ጠርዟ ተልጣለች፣ እጥፋቷ ላይ ልትቀደድ ነው። ጽሑፉ ግን ይነበባል። «ራሔል። 1 ፍሬ በ8 ሰዓት ለ10 ቀን።»

እንጀራዬ ነውና ወዲያው አየሁት። «የ» የለችም።

«የማን ጽሑፍ ነው?»

«የኔ።»

ቁጭ አልኩ። ጋሽ መኩሪያ ወደ መስኮቱ እያዩ ነገሩኝ። ሐኪሙ በቀን ሦስቴ ብሎ አስተካክሎ ነው የጻፈው። እሳቸው ወደ ፖስታው ሲገለብጡት አንዲት ፊደል ዘለሉ። «መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ሰው ተደራርቦ ነበር… ተይው፣ ምክንያት አልደረድርም። ‹እንደተጻፈው› ብዬ ሰጠኋት።» ከሦስት ሳምንት በኋላ እትዬ ሙሉ ልጅቱን አዝላ መጣች። ፖስታዋን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ «ጉልበቷ አብጧል። ይሄ ከፊተኛው የቀረ ነው፣ ይሄንኑ ልስጣት?» አለቻቸው። ዘርግፈው ቆጠሩ። ከሠላሳው ሃያ ስድስቱ አለ። አራት ቀን፣ አራት ፍሬ። በቀን አንድ። ከዚያ ፖስታውን ገልብጠው አነበቡት።

«ምን አሏት?»

«‹ለምን አቋረጥሽው?› አልኳት።»

መነጽራቸውን አውልቀው ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጡ።

«ውሸት አይደለም፣ ሰብለ። አቋርጣዋለች። ግን እሱን ስነግራት የኔን ከሥሩ ደበቅኩት። ፖስታውን ኪሴ ከተትኩ። በማግስቱ እነግራታለሁ አልኩ። በማግስቱ ደግሞ ልጇን ሐኪም ቤት ስላደረስኩላት እጄን ሳመችኝ።»

«በእሱ ነው የታመመችው?»

«ሐኪም ጠየቅኩ፣ የሌላ ሰው አስመስዬ። በቀን አንድ መውሰዷ ሊሆን ይችላል አለኝ። ማቋረጧ ሊሆን ይችላል አለኝ። ሁለቱም ባይደርሱ ኖሮስ ስለው፣ ማን ያውቃል አለኝ። የሚያውቅ የለም። እኔ ግን የማውቀውን አልተናገርኩም። ስሞት ፖስታዋን ለሙሉ ስጪልኝ።»

እኔ እንግዲህ አመሌን ታውቁታላችሁ። ተነስቼ ጮህኩ። «እሷ ደረቷን ስትመታ ዝም ብለው አዩ! እዚያው ቆመው! አሁን ደግሞ እኔ ልንገርልዎ? ለምን ራስዎ አይነግሯትም? ዛሬ ልጥራት!»

«አፍ የለኝም።»

«ፈሪ ነዎት!»

«ነኝ» አሉ።

ፖስታዋን ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬ ወጣሁ። ትከሻቸውን ሳልስም፣ ይማርዎት ሳልል። ይሄው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ሰው አልጋ ላይ ሆኖ እውነቱን ሲሰጠኝ ስድብ ሰጥቼው ወጣሁ። ሁለተኛ አላየኋቸውም።

ልቅሶው ላይ እትዬ ሙሉ ከዘመድ አብልጣ አለቀሰች። «የልጄ አባት! የማንን ጣት ትያዝልኝ!» እያለች። ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አብሯት አነባ። እኔ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ ጨብጬ ተቀመጥኩ። ራሔል አጠገቧ ነበረች፣ ሃያ አራት ዓመቷ ነው አሁን፤ ለመቆም ወንበር ትደገፋለች። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል ተብላ ወረፋ እየጠበቀች ነው።

ከሰልስቱ በኋላ ጎተራ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ናቸው። ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ማረፊያ ላይ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ተቀምጧል፤ ራሔል ስትወጣ ስትወርድ የምታርፍበት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ አውቆት ማንም አያነሳውም። እኔም ተቀመጥኩበት። ወደ ታች ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር።

እትዬ ሙሉ ስታየኝ ደስ አላት። ሻይ ላፍላ ስትል እጇን ይዤ አስቀመጥኳት። ራሔል አልጋው ጫፍ ላይ ነበረች። ሳላሳምር፣ ሳልቀንስ፣ እንዳለ ነገርኳት። ፖስታዋን እጇ ላይ አደረግኩላት።

ለረጅም ጊዜ ፖስታዋን አገላበጠቻት።

«እኔ አይደለሁማ?» አለች።

«አንቺም ማቋረጡን አቋርጠሽዋል፣ እትዬ። ግን ገና ከመጀመሪያው የተጻፈልሽ ስህተት ነበር። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም።»

«እያየኝ?» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «በየወሩ? ልጄን ገደልኳት ስል እያየኝ? ያን ሁሉ ዓመት መረቅኩት እኮ! ምርቃቴን አሁን ከየት ልመልሰው?»

ይቅር በያቸው ልበላት? ማን ሆኜ? በልጇ አንድ ወር እንኳ ያልዘገየ ሰው ነው፤ በእሷ ደግሞ እስኪሞት ድረስ የዘገየ ሰው ነው። ሁለቱንም አውቃለሁ። አንዱ አንዱን አያጠፋልኝም።

ያኔ ራሔል ተነስታ መጣች። ፖስታዋን ከእናቷ እጅ ወሰደች። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረቻት፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንዴ። ሁለቴ። ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ተቀመጠች።

«ራሔል? አመመሽ?» አልኩ ደንግጬ።

«እማዬ ማንበብ አትችልም» አለች። «ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ።»

እትዬ ሙሉ ቀና አለች።

«ትልቅ ስሆን፣ ክትትል ስሄድ፣ ሐኪሙ ያ መድኃኒት በየስምንት ሰዓት እንደሚወሰድ ሲያወራ ሰማሁ። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። በየስምንት የሚለውን በስምንት ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ አልኩ። ‹የ›ን ዘለልኳት አልኩ። እማዬ ራሷን ስትረግም እነግራታለሁ እላለሁ፣ ከዚያ እፈራለሁ። አንድም ቀን አልነገርኳትም።»

«ምነው ልጄ!» አለች እናቷ። «ምነው በኔ ሞት!»

«ጋሽ መኩሪያ ይህን ያውቁ ነበር?» አልኳት።

«አልጠየቁኝም» አለች ራሔል።

ሰውን ሁሉ «ማን ያነበዋል?» እያሉ ከደጅ የሚመልሱት ሰውዬ። ይህችን አንዲት ልጅ ብቻ አልጠየቋትም። ያቺን ወረቀት አንድ ቀን ከኪሳቸው ቢያወጧት ኖሮ ልጅቱ ይህን ሁሉ ዓመት ይህን ተሸክማ ደረጃ አትወጣም ነበር። እሳቸውም ሳያውቁት ሄዱ።

ራሔል እናቷ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ፖስታዋን ጉልበቷ ላይ ዘረጋቻት። ትንፋሽዋን ሰብስባ፣ ጣቷን ከእያንዳንዷ ፊደል ሥር እያስኬደች፣ ጮክ ብላ አነበበችላት።

«አንድ ፍሬ… በስምንት… ሰዓት… ለአሥር… ቀን።»

ጣቷን ሳታነሳ ቀና አለች።

«እይ እማዬ፣ ልክ ነው ያነበብኩልሽ።»